ቡናው ላይ የምትበረው ነጭ የእሳት ራት

ከሚዛን ተፈሪ ወደ ቴፒ ሲጓዙ ቆም ብሎ አንዱን የቡና ቅርንጫፍ ነቅነቅ ያደረገ ሰው፣ ከሩዝ ፍሬ የምታንስ ነጭ ነገር ብር ብላ ወጥታ ከሌላ ቅጠል ሥር ስትሸሸግ ሊያይ ይችላል። ብዙዎች «ነጭ ዝንብ» ብለው ያልፏታል። ዝንብ ግን አይደለችም፤ 3 ሚሊ ሜትር ያህል የምትረዝም፣ ቅጠል ሰርሳሪ የምትባል የእሳት ራት ናት።

ቡናውን የምትጎዳው ራሷ ሳትሆን ልጇ ነው። ትሉ በቅጠሉ የላይኛውና የታችኛው ቆዳ መካከል ገብቶ ሥጋውን ይበላል፤ የተበላው ቦታ ከላይ ሲታይ ቡናማ ጠባሳ ይሆናል። ጠባሳውን በጥፍር ቢልጡት ቆዳው በቀላሉ ይነሳል፤ ትሎቹ ገና ካልወጡ እዚያው ይገኛሉ። በቅጠል ዋግ የተያዘ ቅጠል ግን አይላጥም፤ ከሥሩ ብርቱካናማ ዱቄት አለው፣ ሲነኩትም ጣት ላይ ይቀራል። ቅጠሉ ከታች ተግጦ እንደ ወንፊት ከሳሳ ደግሞ ጥፋተኛዋ ሌላ ናት፤ ክንፏ ሰፋ ያለና ግራጫ የተቀላቀለበት የእሳት ራት።

አስቸጋሪው እህትማማቾቹን መለየት ነው። የአፍሪካዎቹ ብራዚልን ከምታስቸግረው ሌውኮፕቴራ ኮፌላ ጋር አንድ ተደርገው ሲቆጠሩ ኖረው፣ እ.ኤ.አ. በ1940 ሌውኮፕቴራ ካፌይና እና ሌውኮፕቴራ ሜይሪኪ ተብለው ተሰየሙ። ክንፋቸውን አይቶ መለየት ለባለሙያም ይከብዳል። እንቁላላቸው ግን ያሳብቃል፤ ካፌይና በቅጠሉ ዋና ሥር ዳር ዳሩን አስጠግታ በመስመር ትደረድረዋለች፤ ሜይሪኪ እዚህም እዚያም ትበትነዋለች። ካፌይና ጥላ ስለምትወድ ከዋንዛና ከሰሳ ሥር በሚበቅለው የደቡብ ምዕራብ ቡና ላይ በመጀመሪያ የምትጠረጠረው እሷ ናት።

ስሟን ማወቁ ለምን ይጠቅማል? የሰርሳሪዋን ትል የሚገድሉ ጥቃቅን ተርቦች አሉ። በኬንያ ለሌሎች ተባዮች የተረጨው መድኃኒት ተርቦቹን ፈጅቶ ሰርሳሪዋን አብዝቷታል። ዋጉን ሰርሳሪ ብሎ ፀረ ተባይ የረጨ ገበሬም ኪሱን ባዶ ያደርጋል፣ ተርቦቹን ይገድላል፣ ዋጉን ግን አይነካውም፤ ዋግ ፈንገስ ነውና።

ስለዚህ ከመርጨት በፊት ጠባሳ ያለባቸውን ጥቂት ቅጠሎች ቆርጦ በወረቀት መጠቅለል ነው። በፕላስቲክ ከሆነ ይሻግታሉ። የተቆረጡበትን ቀን፣ ቀበሌውንና ቡናው ጥላ እንዳለው ጽፎ ለልማት ጣቢያ ሠራተኛው መስጠት፤ ከእርሱ አቅም በላይ ከሆነ ወደ ጅማ ግብርና ምርምር ማዕከል ይላካል።