ከሸክላው ጀርባ የቀረ ስም፤ ግርማ በየነና የአዲስ አበባ ሶል

ከባምቢስ ተነሥቶ ወደ ካዛንቺስ የሚዘልቅ ሰው የሁለት እንግዶችን ስም ይዞ ይሄዳል። ባምቢስ ከግሪክ ነጋዴ ሱቅ የተወረሰ ስም ነው። ካዛንቺስ ደግሞ ፋሺስት ኢጣልያ በወረራው ዘመን ለመንግሥት ሠራተኞቹ ካሠራቸው ቤቶች መጠሪያ የመጣ ነው። ሕዝቡ ግን ባዕዱን ቃል በራሱ አንደበት አለዝቦ፣ ተጫውቶበትና ኖሮበት የራሱ አድርጎታል። ካዛንቺስ ብሎ የሚጠራ ሰው ጣልያንኛ የተናገረ አይመስለውም። በዚሁ ሰፈር ዳርቻ በሚገኘው፣ በ1969 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በተከፈተው ሂልተን ሆቴል፣ በ1970ዎቹ ሌሊቶች ሲሰማ የኖረው ሙዚቃም ከዚህ የራቀ ታሪክ የለውም።

በሂልተን ይጫወት የነበረው የዋሊያስ ባንድ ነው። ከ1974ቱ ለውጥ በኋላ የሰዓት እላፊ በታወጀበት ዘመን የገባ ታዳሚ ሌሊቱን ወደ ቤቱ ለመመለስ ስለማይችል፣ ባንዱም አድማጩም በአንድ አዳራሽ ውስጥ እስኪነጋ ይሰነብቱ ነበር። ከዋሊያስ ጋር ከሠሩት አንዱ የፒያኖ ተጫዋቹ፣ ድምፃዊውና አቀናባሪው ግርማ በየነ ነበር። ከአርባ ዓመታት በኋላ፣ በ2017፣ ይህ ሰው ከፈረንሳዩ አካሌ ውቤ ባንድ ጋር አንድ አልበም አወጣ። አልበሙ የእንግሊዝኛ ርእስ አለው፤ ሲተረጎም «ሆን ተብሎ የተሠሩ ስሕተቶች» እንደማለት ነው። ይህን አልበም በትክክል ለመስማት ግን ወደ ሸክላው ዘመን መመለስ ያስፈልጋል።

በ1948 በወጣ አዋጅ መሠረት ሸክላ የማስመጣትና የማሳተም መብት የሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ነበር። ወጣቱ ነጋዴ አምሐ እሸቴ በ1969 ይህን ገደብ ጥሶ አምሐ ሪከርድስ የተባለውን ድርጅት መሠረተ፤ የመጀመሪያውንም ሸክላ በፖሊስ ሠራዊት ኦርኬስትራ ካደገው ከዓለማየሁ እሸቴ ጋር አሳተመ። ማተሚያ በሀገር ውስጥ ስላልነበረ ሥራው መጀመሪያ በሕንድ፣ በኋላም በሊባኖስ ተሠርቶ ይመጣ ነበር። እስከ 1975 ድረስ ከ100 የሚበልጡ ትናንሽ ሸክላዎችና ወደ 12 የሚጠጉ ትልልቆች ታትመዋል። በትንሹ ሸክላ በእያንዳንዱ ፊት አንድ ዘፈን ብቻ ይገባል። መግቢያውም፣ ግጥሙም፣ የትንፋሽ መሣሪያዎቹ ምላሽም በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ማለቅ አለባቸው። ይህ ጥበት ቁጥብነትን አስተምሯል፤ በጥበቱም ውስጥ ለእያንዳንዱ ድምፅ ቦታውን የሚሰጠው አቀናባሪው ነበር።

በዚያን ጊዜ ሶል የተባለው የጥቁር አሜሪካውያን ሙዚቃ አዲስ አበባ ገብቷል። በአስመራው የቃኘው ጣቢያ የአሜሪካ ጦር ራዲዮ፣ ከ1962 ጀምሮ በመጡት የሰላም ጓድ አባላት፣ በሸክላ ነጋዴዎችም በኩል ደረሰ። ከከተማው ባንዶች አንዱ ሶል ኤኮስ እስከ መባል መድረሱ የቃሉን ጉልበት ያሳያል። የጋዜጣ ጸሐፍትም ዓለማየሁን ከጄምስ ብራውን፣ ብዙነሽ በቀለን ከአሬታ ፍራንክሊን ጋር ማመሳሰል ልማድ አደረጉ። ማመሳሰሉ ለውጭ አንባቢ ይመች ይሆናል፤ ለታሪክ ግን ብዙ አይረዳም። ብዙነሽን ለማወቅ አሬታን ማወቅ የሚያስፈልግ ከሆነ፣ አሬታን ለማወቅ ብዙነሽን ማወቅ ለምን አላስፈለገም?

በኪነት መድረኮች ስለ ቅርፅና ይዘት ብዙ ተከራክረናል። የዘመናዊው ዘፈን ጉዳይ ሲነሣ የተለመደው መልስ «ይዘቱ የእኛ፣ ቅርፁ የባዕድ» የሚል ነው። የግርማ ሥራ ይህን ክፍፍል አይቀበልም። ምክንያቱ ቴክኒካዊ ስለሆነ ቀረብ ብሎ ማየት ይገባል። የምዕራቡ የኅብረ ድምፅ ሥርዓት የተመሠረተው በሰባት ድምፆች መሰላል ላይ ሲሆን፣ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬ ግን አምስት ድምፆች ብቻ አሏቸው። ሦስት ድምፆችን ደራርቦ በዜማው ሥር መዘርጋት የለመደ ፒያኒስት፣ በቅኝቱ ውስጥ የሌለ ድምፅ ሳይፈልግ ያስገባል። አንቺሆዬ በተለይ ለዚህ አይገዛም። ስለዚህ የአዲስ አበባ አቀናባሪ የትኛውን ድምፅ እንደሚተው፣ የትንፋሽ መሣሪያዎቹ የት በአንድ ድምፅ እንደሚጓዙ፣ ፒያኖው የት ዝም እንደሚል መወሰን ነበረበት። በመጽሐፍ ሕግ ስሕተት የሚባለው በቅኝቱ ሕግ ትክክል ይሆናል። የአልበሙን ርእስ በዚህ መንገድ ማንበብ ይቻላል።

ምላሹንም እንይ። ሶል ድምፃዊው ሲጠራ የነሐስ መሣሪያዎቹ የሚመልሱበት ሙዚቃ ነው፤ ሥሩም የጥቁሮች የቤተ ክርስቲያን መዝሙርና ብሉዝ ነው። የእኛ አድማጭ ግን ጥሪና ምላሽን ከሜምፊስ አልተማረውም። በአዝማሪውና በተቀባዩ መካከል፣ በሠርግ ቤትና በደቦ፣ ከልጅነቱ ያውቀዋል። ስለዚህ ሳክስፎኑ ለድምፃዊው ሲመልስ አድማጩ እንግዳ ነገር አልሰማም፤ ተቀባዩ ልብስ ለውጦ መጣ እንጂ። ይህ የግርማ ብቻ ግኝት አይደለም፤ ከእርሱ በፊት ነርሲስ ናልባንዲያን በኦርኬስትራዎቹ ያቀናበረው ሥራ መንገዱን ጠርጓል። ሆኖም ግርማ ከ60 በላይ ዘፈኖችን ያቀናበረ ሲሆን በራሱ ድምፅ በሸክላ ያስቀረጸው አራት ብቻ ነው። ይህ አንጻራዊ ቁጥር ዕጣውን ይናገራል። ሕዝቡ ዘፋኙን ያውቃል፤ መግቢያውን ሲሰማ ዘፈኑን ለይቶ ይነሣል፤ ያንን መግቢያ የጻፈውን ግን አይጠይቅም።

ይህ የኢትዮጵያ ብቻ ጥፋት አልነበረም። በዲትሮይት የሞታውን ድርጅት ሙዚቀኞች የነበሩት ፈንክ ብራዘርስ ለዓመታት የዓለምን ወጣት ሲያስጨፍሩ ስማቸው በሸክላው ልባስ ላይ አልነበረም፤ በዚያ ድርጅት አልበም ላይ የተጻፈው በ1971 በማርቪን ጌይ ሥራ ነው። በሀብታሙ ሀገር እንዲህ ከሆነ በእኛ ዘንድ ስሙ መዘንጋቱ አያስገርምም። ሊያስቆጭ ግን ይገባል።

በ1981 ዋሊያስ ወደ አሜሪካ ለሥራ ጉዞ ሄደ። ግርማ፣ ኃይሉ መርጊያ፣ ሞገስ ሀብቴና መላከ ገብሬ እዚያው ቀሩ። አቀናባሪ ደግሞ ያለ ባንድ፣ ያለ ድምፃዊ፣ ያለ ማታ አድማጭ እጁን ሊያንቀሳቅስበት የሚችል ነገር የለውም። ገጣሚ በስደት ወረቀት አያጣም፤ አቀናባሪ ግን ሰዎች ያስፈልጉታል። ለግርማ ረጅም ዝምታ ሆነ። ሥራው ግን በሸክላው ተርፎ ነበር። ፍራንሲስ ፋልሴቶ በፓሪሱ ቡዳ ሙዚክ በኩል ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ «ኢትዮፒክስ» በሚል ተከታታይ ሲያሳትመው፣ የእነ ዓለማየሁ እሸቴ፣ የእነ ማሕሙድ አሕመድ ድምፅ ወደ ዓለም ወጣ። አካሌ ውቤ ስሙንም ትምህርቱንም ያገኘው ከዚያ ቅርስ ነው።

ግርማ በኋላ ወደ አዲስ አበባ ተመለሰ፤ አልበሙም በዚያው ተከታታይ 30ኛ ቁጥር ሆኖ ወጣ። ሠላሳኛ መሆኑ ራሱ ልብ ያስብላል፤ ብዙ ዘፋኞች ካለፉ በኋላ ነው ለአቀናባሪው ሙሉ ቅጽ የተሰጠው። በውስጡ ራሱ የዘፈናቸው ጥንታዊ ዜማዎችና ለሌሎች ያቀናበራቸው ሥራዎች አሉ። ድምፁ የወጣትነቱ አይደለም፤ አይሮጥም፣ አይጮህም፤ ቃሉን ከምቱ ጥቂት ዘግየት አድርጎ ያስቀምጠዋል። ወጣቶቹ ፈረንሳውያን የሸክላውን ድምፅ በጥንቃቄ ስለሚያከብሩ አንዳንዴ ንጽሕናቸው ይበዛል፤ የጥንቱ ባንድ በአንድ ክፍል በአንድ ማይክራፎን ሲታገል የነበረው ትንቅንቅ እዚህ የለም። ይህም ቢሆን፣ ሽማግሌው ሲገባ ባንዱ ለእርሱ ቦታ ለመልቀቅ ያውቃል። ቦታ መልቀቅ ደግሞ ከእርሱ የተማሩት ጥበብ ነው።

በካዛንቺስ ከ1991 በኋላ አዝማሪ ቤቶች በዝተው፣ ማሲንቆው በየማታው ይሰማ ነበር። በመላኩ በላይ የሚመራው ፈንዲቃ የውጭ ሙዚቀኞችን ሳይቀር ወደዚያ ስቧል። በ2024 ሰፈሩ ለከተማው አዲስ ፕላን ሲፈርስ የፈንዲቃም ቤት ፈረሰ። በሂልተን እስኪነጋ ይጫወት የነበረውን ባንድ በዚያ ሌሊት የሰሙ ሰዎች ዕድሜያቸው ገፍቷል። ያ ሙዚቃ ዳግም ሲሰማ፣ በ2017ቱ አልበም ሽፋን ላይ ከባንዱ ጋር የአቀናባሪው ስም ተጽፏል።