ነጭ ጋዎንና የቤት ኪራይ፦ የጤና ባለሙያው ኑሮ በኢትዮጵያ ታሪክ ውስጥ



የሕክምና ታሪካችን ሲጻፍ የሆስፒታሎች ምሥረታ፣ የወረርሽኝ ዓመታትና የነገሥታቱ ድጋፍ በዝርዝር ይቀርባሉ። በሽተኛ ሲጠብቅ ያደረው ሰው ግን በማግሥቱ የት ሄዶ እንዳረፈ፣ ቤተሰቡን በምን እንዳስተዳደረ፣ ራሱ ሲታመም ማን እንዳስታመመው እምብዛም አይጻፍም። የዛሬው ንግግሬ በዚህ ክፍተት ላይ ነው። ክርክሬም አጭር ነው። በኢትዮጵያ የጤና ባለሙያው ድካም ስም አጥቶ አያውቅም፤ ተልእኮ፣ አርበኝነት፣ ዘመቻ፣ ጀግንነት ተብሏል። ደኅንነቱ የአሠሪው ግዴታ ተብሎ የተሰየመበት ጊዜ ግን ጥቂት ነው። ዓመታቱን የምጠቅሰው በእኛ አቆጣጠር ነው፤ ከዚያ ሲለይ እ.ኤ.አ. እላለሁ።

ጉዳዩን ከዚህ ከመናገሻ ሆኖ ማየት ይጠቅማል። ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ ዛሬ በሸገር ከተማ አስተዳደር ሥር ተጠቃለዋል፤ ለብዙ ደመወዝተኛ ግን የአዲስ አበባን ኪራይ ያልቻለ ሰው የሚያድርባቸው ከተሞች ናቸው። ጎህ ሲቀድ ታክሲ ተራ ብትቆሙ ጋዎናቸውን በቦርሳ የያዙ ነርሶች፣ የላቦራቶሪ ባለሙያዎችና ሐኪሞች ታያላችሁ። ዱቲ አድሮ የወጣው ደግሞ በተቃራኒው አቅጣጫ ይመጣል። በመንገድ ላይ የሚያልፈው ሰዓት በየትኛውም የተራ ሰሌዳ ላይ አይመዘገብም።

ወደ ታሪኩ ልግባ። ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ ከመቅደላ ጦርነት በኋላ በ1860 ዓ.ም. ገና ሕፃን ሳሉ በእንግሊዝ መኮንኖች ተወሰዱ። በህንድ አድገው በላሆር ሕክምና ተማሩ፤ በስኮትላንድም ትምህርታቸውን አዳበሩ፤ በበርማ ለእንግሊዝ መንግሥት በሐኪምነት ሠሩ። ከዐድዋ ድል በኋላ ወደ አገራቸው መጥተው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን አገለገሉ። ኋላ ላይ የምናገኛቸው ግን የተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት የበላይ ኃላፊ፣ የጨርጨር ገዥ፣ በጣሊያን ወረራ ዋዜማም በለንደን የኢትዮጵያ ሚኒስትር ሆነው ነው። ጸሐፍት ይህን የሁለገብነት ምልክት አድርገው ያወድሱታል፤ ውዳሴው ተገቢ ነው። እኔ ግን ሌላም ነገር አይበታለሁ። በዚያ ዘመን የኑሮ መሠረቱ ሹመትና መሬት ነበር። የውጭ አገር ሐኪም በውል ወይም በሚሲዮን ይመጣል፤ ስለ መኖሪያው፣ ስለ ቀለቡና ስለ ዕረፍቱ የሚያስብለት ላኪ አለው። ኢትዮጵያዊው ሐኪም በሐኪምነቱ ብቻ የሚቆምበት መደብ አልነበረውም። የመጀመሪያው ዘመናዊ ሐኪማችን ገዥና ዲፕሎማት መሆናቸው፣ ከችሎታቸው ባሻገር፣ ሙያው ገና ቤት አልባ እንደነበረ ያሳያል ባይ ነኝ።

ቀጥሎ የመጣው ጦርነት የሐኪሙን ስም ከመሥዋዕትነት ጋር አጣበቀው። በታኅሣሥ 1928 ዓ.ም. የጣሊያን አውሮፕላኖች በመልካ ዲዳ የስዊድንን ቀይ መስቀል የሕክምና ጓድ ደበደቡ። በዚያው ዓመት ሚያዝያ መጨረሻ፣ አዲስ አበባ በዝርፊያ ስትታመስ፣ የእንግሊዙ የሕክምና ጓድ መሪ ዶክተር ጆን ሜሊ ቁስለኛ ሊረዱ ሲሞክሩ በጥይት ተመትተው ሞቱ። በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ተምረው የተመለሱት ዶክተር መላኩ በያን ደግሞ ለአገራቸው ድጋፍ ሲያሰባስቡ ቆይተው በ1932 ዓ.ም. በ40 ዓመታቸው በአሜሪካ ዐረፉ። ሐኪም ወርቅነህም ሁለት ልጆቻቸውን፣ ቢንያምንና ዮሴፍን፣ ከየካቲት 12 በኋላ በተፈጸመው ግድያ አጥተዋል። እነዚህን ሰዎች ማክበር ይገባናል። ችግሩ የሚጀምረው በጦርነት ቀን የተከፈለው ዋጋ የሰላም ቀን መለኪያ ሲሆን ነው። ሜሊን ያየ ትውልድ ስለ ቤት ኪራይ የሚያነሳ ነርስ ሲያጋጥመው ያፍርበታል።

እንደኔ አመለካከት ለየት ያለው ምዕራፍ በ1947 ዓ.ም. የተከፈተው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ነው። ኮሌጁ የጤና መኮንኖችን፣ የማኅበረሰብ ነርሶችንና የአካባቢ ጤና ባለሙያዎችን ያሠለጥን ነበር። ሦስቱም ገና በትምህርት ላይ ሳሉ አብረው ወደ መስክ ይወጣሉ፤ ሲመረቁም በጤና ጣቢያ አብረው እንዲሠሩ የታሰቡ ናቸው። የአሠራሩ ዓላማ የሐኪም እጥረትን ማሟላት እንደ ነበር ሁላችንም እናውቃለን። ውጤቱን ግን ከሠራተኛው በኩል እንየው። መንገድ በሌለበት ወረዳ፣ በ1951 ዓ.ም. ገደማ እንደነበረው ዓይነት የወባ ወረርሽኝ በመቶ ሺህ የሚቆጠር ሰው ሲፈጅ፣ ባለሙያ ብቻውን አይደለም። የሚያማክረው አለው፤ ሲዝል የሚተካው አለው፤ ሕፃን እጁ ላይ ሲሞትበት አብሮት ዝም ብሎ የሚቀመጥ ሰው አለው። ዛሬ ስለ ባለሙያ ደኅንነት በሚሰጡ ሥልጠናዎች ውስጥ የባልደረባ ድጋፍ የሚባለው ይኸው ነው። ጎንደር ይህን ስም ሳይሰጠው በአደረጃጀቱ ውስጥ አስገብቶት ነበር።

በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን መርሐ ግብርም ከዚህ ጋር ይዛመዳል። በአንድ የገጠር ጤና ኬላ ሁለት ሴቶች ይመደባሉ፤ ከዚያው አካባቢ ይመለመላሉ፤ አንድ ዓመት ይሠለጥናሉ። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ቁጥራቸው ከ30,000 በላይ ደረሰ። ጥንድ ሆኖ መመደብ ጥበቃ ነው። ከዚያው ቀበሌ መሆን ግን ሁለት ስለት አለው። ሴቲቱ ቤተሰቧ አጠገብ ትሆናለች፤ በሩንም ማንም በማንኛውም ሰዓት ያንኳኳል። ለጎረቤት እንቢ ማለት በእኛ አገር እንደሚከብድ ለእናንተ መንገር አያሻም።

ስለ ፍልሰት አንድ ነገር ልበልና ልለፍ። በቺካጎ ያሉት ኢትዮጵያውያን ሐኪሞች በኢትዮጵያ ካሉት ይበልጣሉ የሚለው አባባል በየስብሰባው ይደገማል፤ በየጥናታችሁ ውስጥም አገኘዋለሁ። ማስረጃው ተፈትሾ ስላላየሁት አልጠቀምበትም፤ እናንተም ባትጠቀሙበት እመርጣለሁ። የአባባሉ ጉዳት ስለ ሄዱት አስወርቶ የቀሩትን ማስረሳቱ ነው።

የቀሩት ሲታመሙስ? በቡራዩ በኩል ያለውን የገፈርሳ የአእምሮ ሕሙማን ማገገሚያ የማያውቅ የአካባቢያችን ሰው ጥቂት ነው። ለረጅም ዘመን የአገሪቱ የአእምሮ ሕክምና ከአማኑኤል ሆስፒታልና ከዚህ ማገገሚያ ብዙም አይርቅም ነበር። የአእምሮ ሕክምና ስፔሻሊስቶችን በአገር ውስጥ ማሠልጠን የተጀመረው አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር እ.ኤ.አ. በ2003 ነው። እስከዚያ ድረስ እንቅልፍ ያጣ፣ ሥራው ያስጠላው ሐኪም ወዴት ይሂድ? ቢሄድስ የሚያገኘው የክፍል ጓደኛውን ወይም መምህሩን ነው።

ዓለም ራሱ ወደዚህ ጥያቄ የመጣው ዘግይቶ ነው። የዓለም ሕክምና ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1948 ያጸደቀው የጄኔቫ ቃለ መሐላ ሐኪሙ ለበሽተኛው፣ ለመምህራኑና ለሙያው ያለበትን ግዴታ ይዘረዝራል። ሐኪሙ የራሱንም ጤና እንዲጠብቅ የሚያዘው ሐረግ የገባው እ.ኤ.አ. በ2017 ነው። መልካም እርምጃ ነው። ነገር ግን ሰዋስዉን ልብ በሉ፤ የዐረፍተ ነገሩ ባለቤት ሐኪሙ ነው። የሚምለው እሱ፣ የሚጠበቀው እሱ፣ ራሱን የሚጠብቀውም እሱ። አሠሪው በቃለ መሐላው ውስጥ የለም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 የሙያ ዝለትን ከሥራ ጋር የተያያዘ ክስተት ብሎ ሲመዘግበው ግን ነገሩን ቢያንስ ወደ ሥራው ቦታ መልሶታል።

ወደ ቅርቡ ዘመን ስንመጣ በ2011 ዓ.ም. ጠቅላይ ሚኒስትሩ የጤና ባለሙያዎችን ሰብስበው አወያዩ። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ ሲገኝ ያው ባለሙያ የግንባር ጀግና ተባለ። በትግራይ ጦርነት ጊዜ የዓይደር ሆስፒታል ሠራተኞች ለብዙ ወራት ያለ ደመወዝ ሠሩ፤ በአማራና በአፋር ክልሎችም ባለሙያዎች በተዘረፉ ጤና ተቋማት ውስጥ በሽተኛ ተቀበሉ። በግንቦት 2017 ዓ.ም. ደመወዝን፣ የትርፍ ሰዓት ክፍያንና የኑሮ ሁኔታን የሚመለከቱ ጥያቄዎች ወደ ሥራ ማቆም አመሩ። መንግሥት አድማውን ሕገ ወጥ አለው፤ ባለሙያዎችም ታሰሩ።

ተማሪዎቼ በሽተኛን ትቶ መውጣት ተገቢ ነው ወይ ብለው ይጠይቁኛል። ቀላል ጥያቄ አይደለም፤ ከገጠር በቃሬዛ ተሸክመው ያመጧት እናት በር ተዘግቶ ስታገኘው የሚሆነውን ማንም ሊያቃልለው አይችልም። የታሪክ ተማሪ ግን ከጎኑ ሌላ ጥያቄ ማስቀመጥ አለበት። ከዚያ በፊት ጥያቄው በየትኛው መድረክ ይሰማ ነበር? የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 42 ስለ ሠራተኞች የመደራጀት መብት ይናገራል። ሆስፒታል ደግሞ በአሠሪና ሠራተኛ ሕጋችን ሥራ ከማይቆምባቸው ወሳኝ አገልግሎቶች አንዱ ነው። ሥራ ማቆምን የሚከለክል ሥርዓት በምትኩ አስገዳጅ የሆነ የድርድር መንገድ ሊሰጥ ይገባል። እኔ በዚህ ሁሉ ዘመን ውስጥ የማየው ስብሰባና ምስጋና ነው፤ ሁለቱም አያስገድዱም።

የድኅረ ምረቃ ጥናት ርእስ የምትፈልጉ ካላችሁ ሥራው ብዙ ነው። በየሆስፒታሉ መዝገብ ቤት የዱቲ ሰሌዳዎች፣ የዝውውር ማመልከቻዎችና የሕመም ፈቃድ ወረቀቶች አሉ፤ አቧራ ለብሰው ሳይቃጠሉ ድረሱላቸው። ከጎንደር ኮሌጅ የመጀመሪያዎቹ ምሩቃን መካከል በሕይወት ያሉት ዛሬ በ80ዎቹና በ90ዎቹ ዕድሜ ላይ ናቸው። ስለ ወባው ብቻ አትጠይቋቸው። ጤና ጣቢያው አጠገብ ቤት ተሰጥቷችሁ ነበር ወይ፣ ጣሪያውስ ያፈስስ ነበር ወይ ብላችሁ ጠይቋቸው።