ስላይዱ የት ታጠበ?

ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ አዲስ አበባ ላይ ዘውድ ሲጭኑ ከእንግዶቹ መካከል የናሽናል ጂኦግራፊክ መጽሔት ፎቶግራፍ አንሺ ሮበርት ሙር ነበር። በመስታወት ሰሌዳ ላይ ያነሳቸው የቀለም ፎቶዎች በመጽሔቱ የጁን 1931 እትም ወጡ (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። እነዚህ ሰሌዳዎች የስላይድ ቀዳሚዎች ናቸው። ኔጋቲቭ የላቸውም። ካሜራው ውስጥ የገባው መስታወት ራሱ ታጥቦ ሥዕሉን ይዞ ይወጣል፤ ያ አንድ ሰሌዳ ከሄደ ዋናው ሄደ ማለት ነው።

የከተማው ፎቶ ቤቶች ሥራ ግን ሌላ ነበር። አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያን በ1905 አዲስ አበባ ገብቶ የምኒልክ ቤተ መንግሥት ፎቶግራፍ አንሺ ሆነ፤ በ1928 ሲሞት ሙያው ለልጆቹ ለሃይጋዝና ለቶኒ ተላለፈ። ጥቁርና ነጭ ፊልም እዚሁ ይታጠባል፣ ኔጋቲቩ ፎቶ ቤቱ ዘንድ ይቀራል፣ ደንበኛው የፈለገውን ያህል ያሳትማል። የንጉሡ ምስል በየሳሎኑ ሊሰቀል የቻለው በዚህ አሠራር ነው።

የቀለም ፊልም ይህን ሰንሰለት በጠሰው። የአሜሪካው የፊልም ኩባንያ ኮዳክ ኮዳክሮም የተባለውን የቀለም ፊልም በ1935 ለሲኒማ፣ በማግሥቱ ዓመት ደግሞ ለስላይድ አወጣ። ፈልሳፊዎቹ ሊዮፖልድ ማንስና ሊዮፖልድ ጎዶውስኪ ሙዚቀኞች ነበሩ፤ በጨለማ ክፍል ሰዓት ማየት ስለማይችሉ ብራምስን እያፏጩ ደቂቃ ይቆጥሩ ነበር ይባላል። የኮዳክሮም ፊልም በውስጡ ቀለም ሰሪ ቅመም የለውም። ሰማያዊ አረንጓዴው፣ ቢጫውና ሐምራዊው የሚፈጠሩት በእጥበቱ ጊዜ፣ በሦስት የተለያዩ ኬሚካሎች ነው፤ በመካከሉም ፊልሙን አንዴ በቀይ አንዴ በሰማያዊ ብርሃን ማብራት ያስፈልጋል። ይህ የፋብሪካ ሥራ ነው፤ በቤት የሚሞከር አልነበረም። ስለዚህ ፊልሙ ተነሥቶ በፖስታ ወደ ኮዳክ ይላክ ነበር። አሜሪካ ውስጥ የእጥበቱ ዋጋ ከፊልሙ ጋር አብሮ ይሸጥ የነበረው ልማድ በ1954 በፍርድ ቤት ስምምነት ቀረ፤ በሌሎች አገሮች ግን ቀጠለ።

በ1962 ወደ ኢትዮጵያ የመጡት የመጀመሪያዎቹ የአሜሪካ የሰላም ጓድ መምህራንም ሆኑ ከእነሱ በኋላ የተከተሉት ብዙ ስላይድ አንሥተዋል። የዚያ ዘመን የአዲስ አበባና የጠቅላይ ግዛት ከተሞች የቀለም ምስል ዛሬ በብዛት የሚገኘው በውጭ አገር ሰዎች ሣጥን ውስጥ መሆኑን የማየው ፊልሙ ለእጥበት ወደ ውጭ ይላክ ከነበረበት አኳያ ነው። ባለቤቶቹ የውጭ ሰዎች መሆናቸው ዋናው ምክንያት ነው፤ አልክደውም። ነገር ግን እጥበቱ እዚህ ቢሆን ኖሮ ቢያንስ አንዳንዱ በፎቶ ቤት መደርደሪያ ላይ ይቀር ነበር ብዬ እገምታለሁ።

ሌላ መንገድ አልነበረም ማለት አይደለም። የጀርመኑ ኩባንያ የአግፋ አዲሱ ስላይድ ፊልም በ1936፣ የኮዳክ ኤክታክሮም በ1946 ሲወጡ ቀለም ሰሪው ቅመም ፊልሙ ውስጥ ገባ። ኤክታክሮምን የጨለማ ክፍል ያለው ማንም ሰው ማጠብ ይችላል። ዛሬ የሚሠራበት ኢ ሲክስ የተባለው ዘዴ የወጣው በ1970ዎቹ አጋማሽ ነው። የመጀመሪያው ዴቨሎፐር (ምስል አውጪ ኬሚካል) ብርሃን የነካውን ያጠቁራል፤ ቀጥሎ ያልተነካው ክፍል በብርሃን ወይም በኬሚካል እንደተነካ ይደረጋል፤ ሁለተኛው ዴቨሎፐር በዚያ በቀረው ላይ ቀለሙን ያወጣል፤ በመጨረሻ ፊልሙ ላይ ያለው የብር ማዕድን ሁሉ ታጥቦ ይወገድና ቀለሙ ብቻ ይቀራል። ለቤት ውስጥ እጥበት የሚሸጠው የኬሚካል ጥቅል ይህን ወደ ሦስት ኬሚካል አሳጥሮታል።

አስቸጋሪው ሙቀቱ ነው። የመጀመሪያው ዴቨሎፐር 38 ዲግሪ ሴልሺየስ ላይ 6 ደቂቃ ያህል ይቆያል፤ የሚፈቀደው ልዩነት ከግማሽ ዲግሪ ያነሰ ነው። ከሞቀ ስላይዱ ይገረጣል፤ ከቀዘቀዘ ይጠቁራል። ኔጋቲቭ ቢሆን ሲታተም ይስተካከል ነበር፤ ስላይድ ግን ማረሚያ የለውም። ቡራዩ ወይም ሱሉልታ ላይ በክረምት ይህን የሚሞክር ሰው ታንኩንና ጠርሙሶቹን ትልቅ ሳፋ ሙሉ ሙቅ ውሃ ውስጥ አስቀምጦ፣ ቴርሞሜትሩን ሳይለቅ መሥራት አለበት፤ ደጋው ሙቀቱን ቶሎ ይወስደዋል። ውሃው በራሱ ከዚህ ታሪክ ውጭ አይደለም። የለገዳዲ ግድብ በ1970 እስኪጨመር ድረስ ከአዲስ አበባ ዋና የውሃ ምንጮች አንዱ በቡራዩ በኩል ያለው ገፈርሳ ስለነበር፣ በ1950ዎቹና በ60ዎቹ ፒያሳ የታጠበው ፊልም በአመዛኙ የገፈርሳን ውሃ ሳይቀምስ አልቀረም።

በቤት መታጠብ የሚችለው ፊልም ግን ዕድሜው አላማረም። የቀድሞዎቹ የኤክታክሮም ዘሮች፣ ከኢ ሲክስ በፊት የነበሩት፣ ጨለማ ውስጥ ተቀምጠውም ቀለማቸው ይለቃል፤ ብዙዎቹ ዛሬ ቀይ ብቻ ቀርቷቸዋል። ጨለማ ውስጥ የተቀመጠ ኮዳክሮም ግን ከ60 ዓመት በኋላም ትላንት የታጠበ ይመስላል። ለታሪክ ጸሐፊ ይህ የማስረጃ ጥያቄ ነው፦ በ1950 የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ቤተ መጻሕፍት ኃላፊ ሆኖ የመጣው ፖላንዳዊው ስታኒስላቭ ሆይናትስኪ ለዓመታት ያጠናው ዓይነት የቤተ ክርስቲያን ሥዕል በዚያ ዘመን ስላይድ ላይ ብቻ ተርፎ ሲገኝ፣ የሰዓሊው ቀይ የትኛው እንደሆነ፣ የፊልሙ ቀይ የትኛው እንደሆነ መለየት የሚቻለው የፊልሙ ዓይነት ከታወቀ ነው። የስላይዱ ካርቶን ላይ የታተመው የፊልም ስምና የእጥበት ቀን ከሥዕሉ እኩል መነበብ ያለበት በዚህ የተነሣ ነው።

ኮዳክ ኮዳክሮምን ማምረት ማቆሙን በ2009 አስታወቀ። በዓለም የመጨረሻው አጣቢ፣ ካንሳስ ውስጥ ፓርሰንስ ከተማ ያለው ድዌይንስ ፎቶ፣ የመጨረሻዎቹን ጥቅሎች የተቀበለው ዲሴምበር 30 ቀን 2010 ነበር። ከዚያ ወዲህ አዲስ አበባ ውስጥ ከአሮጌ ካሜራ ያልታጠበ ኮዳክሮም ቢወጣ ቀለሙን የሚመልስለት ላቦራቶሪ የለም፤ ምስል ከተገኘበትም የሚገኘው እንደ ጥቁርና ነጭ ፊልም ሲታጠብ ነው።