ሁለት ዓይን በፀሐይ ፊት

እናቴ በሣጥኗ ውስጥ በነጭ ጨርቅ ጠቅልላ የምታኖረው አንድ ፎቶግራፍ አለ። በ1964 ዓ.ም. ሚያዝያ 23፣ ለጊዮርጊስ ንግሥ፣ ከአባቴ ጋር ብልባላ ላይ የተነሡት ነው። ሌላ የጋራ ፎቶ የላቸውም። አባቴ ካረፈ ወዲህ በገለጠችው ቁጥር የምትለው አንድ ነው፤ «ምነው ያን ዕለት ዓይኔን ባልጨፈንሁ!»

ጥፋቱ የእርሷ አልነበረም። የዚያ ዘመን ባለ ካሜራ ሕግ ፀሐይን በጀርባ አድርጎ ማንሣት ነበር። ብርሃኑ ፊትን ያጠራል፤ የሚነሣው ሰው ግን ፀሐይን ፊት ለፊት ይጋፈጣል። ለዚያውም የላስታን የደጋ ፀሐይ፣ ለዚያውም በሚያዝያ!

ካሜራና ፀሐይ በዚህ ደጋ ከተገናኙ ቆይተዋል። በ1860 ዓ.ም. የናፒየር ጦር በዋግና በላስታ በኩል ወደ መቅደላ ሲያልፍ ከመሐንዲሶቹ መካከል ፎቶግራፍ አንሺዎች ነበሩ። መስተዋቱን መድኃኒት ቀብተው፣ ሳይደርቅ አንሥተው፣ ሳይደርቅ በጨለማ ድንኳን ያጥቡት ነበር። መብራታቸው ፀሐይ ብቻ ነበረች፤ የሚነሣውም ሰው እንደ ሐውልት ቀጥ ብሎ መቆም ነበረበት። በኋላም በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያን የቤተ መንግሥቱ ፎቶግራፍ አንሺ ሆነ፤ ሙያውንም ልጆቹ ሀይጋዝና ቶኒ ወረሱት። ለአዲስ አበባ ባልና ሚስት ወንበርና መጋረጃ ያለው ፎቶ ቤት ሲደርሳቸው፣ ለብልባላ ባልና ሚስት የቀረላቸው ሜዳውና ፀሐይዋ ነበሩ።

ይሁን እንጂ ላስታ ምስልን ከካሜራ አልተማረችም። በቤተ ክርስቲያን ሥዕላችን ቅዱሳን ብዙውን ጊዜ በሁለት ዓይናቸው ይመለከቱናል፤ ክፉዎች ግን በጎን ተሥለው አንድ ዓይን ብቻ ይታያቸዋል። የባልና ሚስት መታሰቢያም ቢሆን እንግዳችን አይደለም። ቤተ አባ ሊባኖስን ንግሥት መስቀል ክብራ ለባሏ ለላሊበላ መታሰቢያ፣ መላእክት እየረዷት፣ በአንዲት ሌሊት አሳነጸችው ይላል ትውፊቱ።

እናቴን የሚያሳፍራትም ይኸው የሥዕል ሕግ ነው። በፎቶው እርሷ አንድም ዓይን የላት፤ አባቴ ደግሞ ወደ እርሷ ዘወር በማለቱ ባለ አንድ ዓይን ሆኗል። «ዓይንሽን ግለጪ ሊለኝ ነበር የዞረው» ትላለች፤ «በእኔ ሰበብ እርሱንም አበላሸሁት።»

ባለፈው ዓመት ፎቶውን ይዤ ከተማ ወደሚገኝ አንድ ፎቶ ቤት ሄድሁ። ሠራተኛው «በኮምፒውተር ዓይናቸውን እንገልጠዋለን፤ እርሳቸውንም ወደ ፊት እናዞራቸዋለን» አለኝ። ደስ ብሎኝ ለእናቴ ነገርኋት። ዝም ብላ ቆየችና፣

«የማንን ዓይን ሊያስገቡልኝ ነው?» አለችኝ።

መልስ አልነበረኝም። ፎቶውን ከእጄ ተቀብላ አየችው። «ደግሞስ ወደ ፊት ካዞሩት» አለች፣ «እኔን ማን ያየኛል?»

ከዚያም በነጭ ጨርቁ ጠቅልላ ወደ ሣጥኑ መለሰችው። እኔም ከዚያ ወዲህ ፎቶውን የማየው በሌላ ዓይን ነው፤ ሰዓሊዎቻችን ለክፉ ሰው የሰጡት የጎን ፊት፣ በብልባላ ፀሐይ ሥር፣ ሚስቱን የሚመለከት የአንድ ባል ፊት ሆኖ አገኘሁት።