የሊማሊሞ ዐለት ዕድሜና የቤታ መፈራረስ

ከደባርቅ ቁልቁል በሚወርደው የሊማሊሞ መንገድ ዳር ጥቁሩ ዐለት እንደ ደረጃ ተነባብሮ ይታያል። እያንዳንዱ ንብር ቀልጦ ፈስሶ የረጋ ድንጋይ ነው። የታችኛው ንብር ከላይኛው እንደሚቀድም መረዳት አያዳግትም፤ ዕድሜውን በዓመት መናገር ግን ብዙ ዘመን ጠይቋል።

እ.ኤ.አ. በ1868 ከእንግሊዝ ጦር ጋር የመጣው የሥነ ምድር ተመራማሪ ዊሊያም ብላንፎርድ የሰሜኑን የእሳተ ገሞራ ዐለት አሸንጌና መቅደላ በሚል በሁለት መደበው። ምደባው ቅደም ተከተልን እንጂ ዘመንን አልገለጸም።

መፍትሔው የተገኘው ከፊዚክስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1896 ቤከረል ከዩራኒየም የሚወጣውን ጨረር አገኘ፤ በ1899 ደግሞ ራዘርፎርድ ጨረሩን አልፋና ቤታ ብሎ ለየ። በቤታ መፈራረስ በአቶሙ እምብርት ያለ አንድ ኒውትሮን ወደ ፕሮቶን ተለውጦ ኤሌክትሮንና አንቲኒውትሪኖ ይለቃል።

በዐለት ውስጥ የሚገኘው ፖታሲየም 40 ከመቶ 89 ያህሉ በዚህ መንገድ ካልሲየም፣ 11 ያህሉ ደግሞ ኤሌክትሮን በመሳብ አርገን ይሆናል። ግማሹ የሚፈራርሰው በ1.25 ቢሊዮን ዓመት ነው። ካልሲየም በዐለቱ ውስጥ ቀድሞም ስለሚበዛ አዲሱን ከነባሩ መለየት ያስቸግራል። አርገን ግን ጋዝ በመሆኑ ከቀለጠው ድንጋይ ይወጣል፤ ዐለቱ ከረጋ በኋላ የተጠራቀመው አርገን ከቀሪው ፖታሲየም ጋር ሲነጻጸር ዕድሜውን ይናገራል።

እ.ኤ.አ. በ1997 የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው ገዛኸኝ ይርጉ የተሳተፉበት ጥናት የሰሜኑ አምባ ባዛልት ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት፣ አብዛኛውም በ1 ሚሊዮን ዓመት ያህል ጊዜ ውስጥ እንደ ፈሰሰ አረጋገጠ። በ2004 የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ የስሜን እሳተ ገሞራ ወዲያው ተከትሎ እንደ ተነሣ አመለከተ።

ከዚህ ታሪክ ለሥርዓተ ትምህርት ነዳፊዎች የሚተርፍ ቁም ነገር አለ። ፊዚክስና ጂኦግራፊ በየፊናቸው ሲሰጡ፣ የደባርቅና የዳባት ተማሪ የቤታን መፈራረስ እንደ ሩቅ አገር ወሬ፣ የመንደሩን ገደል እንደ ተራ ድንጋይ ሊያይ ይችላል። መምህሩ በአንድ ወገን ቀለም የተቀባ 100 የባቄላ ፍሬ አስይዞ፣ በተወረወረ ቁጥር ቀለሙ ወደ ላይ የሆነውን ቢያስነሣ፣ በየጊዜው ግማሽ ያህሉ ይቀራል። የትኛው ፍሬ እንደሚነሣ ማንም አስቀድሞ አያውቅም፤ የብዙኃኑ አካሄድ ግን ይታወቃል። የሊማሊሞም ዕድሜ የተቆጠረው በዚሁ ሕግ ነው።