የላይኛው ሴንት አንተኒ ፏፏቴ ሎክ

የላይኛው ሴንት አንተኒ ፏፏቴ ሎክ በአሜሪካ ሚኒሶታ ክፍለ ግዛት፣ በሚኒያፖሊስ ከተማ መሃል በሚሲሲፒ ወንዝ ላይ የሚገኝ የጀልባ ማሳለፊያ ነው። በ1963 እ.ኤ.አ. ሥራ ጀምሮ በጁን 2015 እ.ኤ.አ. ለጀልባ ጉዞ ተዘግቷል። የሚያስተዳድረው የአሜሪካ ጦር የመሐንዲሶች ጓድ ነው።

አሠራር

ሎክ በሁለቱም ጫፍ በር ያለው ትልቅ የኮንክሪት ገንዳ ሲሆን፣ ጀልባዎች ፏፏቴን ወይም ግድብን አልፈው እንዲሄዱ ያስችላል። ወደ ላይ የሚጓዝ ጀልባ በታችኛው በር ይገባና በሩ ይዘጋል። ከዚያ ከላይ ውሃ ይለቀቃል፤ ገንዳው ሲሞላ ጀልባውም አብሮ ከፍ ይላል። ውሃው ከላይኛው ወንዝ ጋር ሲስተካከል የላይኛው በር ይከፈታል። ውሃው በራሱ ክብደት ስለሚፈስ ፓምፕ አያስፈልግም። የዚህ ሎክ ገንዳ 122 ሜትር ርዝመትና 17 ሜትር ስፋት አለው፤ ጀልባን 15 ሜትር ያህል ከፍ ያደርጋል።

ታሪክ

ፏፏቴው በሚሲሲፒ ወንዝ ላይ ያለ ብቸኛ ትልቅ የተፈጥሮ ፏፏቴ ነው። የዳኮታ ሕዝብ ኦዋምኒዮምኒ ብሎ ይጠራዋል፣ እንደ ቅዱስ ሥፍራም ያየዋል። የአሁኑን ስም በ1680 እ.ኤ.አ. የሰጡት ካቶሊካዊው ቄስ ሉዊ ኤንፓን ናቸው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የፏፏቴው ኃይል የዱቄት ወፍጮዎችን በማንቀሳቀስ ከተማዋን አሳደገ። በ1869 እ.ኤ.አ. ከወንዙ ሥር ይቆፈር የነበረ ዋሻ ተደርምሶ ፏፏቴው ሊፈርስ ስለተቃረበ፣ የመሐንዲሶች ጓድ ከኖራ ድንጋዩ ሥር ውሃ የሚያግድ የኮንክሪት ግድግዳ ሠራ።

ጭነት ጀልባዎች ከፏፏቴው በላይ ወዳለው ወደብ እንዲደርሱ በ1956 የታችኛው፣ በ1963 ደግሞ የላይኛው ሎክ ተከፈተ። ለጀልባዎቹ ማለፊያ ሲባል ከታዋቂው የድንጋይ ቅስት ድልድይ ሁለት ቅስቶች ተነሥተው በብረት ተተኩ። ይሁን እንጂ ገንዳው ከታችኛው ወንዝ ሎኮች ያነሰ ስለነበር በአንድ ጊዜ የሚይዘው ሁለት የጭነት ጀልባ ብቻ ነበር።

መዘጋት

ለመዘጋቱ ዋናው ምክንያት ወራሪው የካርፕ ዓሣ ነው። በ1970ዎቹ ኩሬ እንዲያጸዱ ከእስያ ወደ ደቡባዊ የዩናይትድ ስቴትስ ግዛቶች የመጡት ካርፖች አምልጠው በሚሲሲፒ ሽቅብ ተስፋፉ። ጥቃቅን የውሃ ሕይወትን በብዛት ስለሚበሉ ነባር ዓሦችን ምግብ ያሳጣሉ። ፏፏቴው የተፈጥሮ አጥር ቢሆንም ሎኩ መንገድ ከፍቶላቸው ነበር። በጁን 2014 እ.ኤ.አ. የጸደቀው የአሜሪካ የውሃ ሀብት ሕግ ሎኩ በአንድ ዓመት ውስጥ እንዲዘጋ አዘዘ፤ ጎርፍ ለመከላከል በአስቸኳይ ጊዜ መከፈቱን ግን ፈቀደ። በዚህም ምክንያት ከፏፏቴው በላይ ያለው የጭነት ጀልባ ንግድ አበቃ።

የወደፊት ዕጣ

ሎኩ ቢዘጋም ወጪው አልቆመም። ግድግዳዎቹ የላይኛውን ውሃ ይዘው ስለሚቆሙ ጥገና ያስፈልጋቸዋል፤ ሚኒያፖሊስም የመጠጥ ውሃዋን የምትቀዳው ከፏፏቴው በላይ ነው። የመሐንዲሶች ጓድ ይዞታውን እንዳለ ማቆየት፣ በከፊል ማስተላለፍ ወይም ሙሉ በሙሉ መልቀቅ የሚሉ አማራጮችን አጥንቷል። በ2020 እ.ኤ.አ. የወጣ ሌላ ሕግ በሎኩ ዙሪያ ያለው መሬት ለከተማዋ ወይም ለምትወክለው አካል እንዲተላለፍ አዟል።

በዳኮታ ሰዎች የሚመራው ኦዋምኒዮምኒ ኦክሆዳያፒ የተባለ ድርጅት በሥፍራው ነባር ዕፅዋትን ለመመለስ፣ ሰዎች ወደ ውሃው እንዲቀርቡና የዳኮታ ቋንቋና ታሪክ እንዲታይ ለማድረግ አቅዷል። አስቸጋሪው ነገር ሦስት ፍላጎቶችን ማስታረቅ ነው፦ ወራሪው ዓሣ እንዳያልፍ፣ ጎርፍ ሲመጣ ውሃው እንዲለቀቅ፣ ሕዝቡም ለረጅም ጊዜ ከተከለከለበት ወንዝ እንዲደርስ።