የዓባይ አፈር በሐይፋ ባሕር ሥር

በ2018 ጁላይ ወር ኪነሬት አካባቢ መሬቱ ለቀናት ሲነቃነቅ ሰነበተ። ያኔ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ነበርን። አንድ ጠዋት በአፉላ ማዕከላዊ አውቶቡስ ጣቢያ የጥብርያን አውቶቡስ ስንጠብቅ የሁሉም ወሬ እሱው ነበር፤ አልጋው ተወዛወዘ፣ ብርጭቆው ተንኳኳ። ከመካከላችን አንዱ «አይዟችሁ፣ አፉላ ባሕር የላትም፣ ሱናሚ እዚህ አይደርስም» አለና ሳቅን። አጠገባችን የተቀመጡ አንድ አባት «ሱናሚ ያላችሁት ምንድን ነው ልጆቼ?» ብለው ጠየቁን። በዕብራይስጥ ጠንቅቀን እናውቀዋለን። በአማርኛ ለማስረዳት ስንሞክር ግን ተንተባተብን። አውቶቡሱ መጣና ተለያየን። ለእሳቸው ያልመለስነውን መልስ ዘግይተንም ቢሆን እዚህ እንጽፈዋለን። (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

በ1068 ራምላ ከተማ በመሬት መንቀጥቀጥ ፈረሰች። ኢብን አል-አሲር የተባለው የአረብ ታሪክ ጸሐፊ እንደሚተርከው ባሕሩ ከዳርቻው ሸሸ፤ ሰዎች በደረቀው ወለል ላይ ያገኙትን ለመልቀም ወረዱ፤ ውሃው ተመልሶ ብዙዎችን ፈጀ። በ1759 መገባደጃም ሁለት ታላላቅ መንቀጥቀጦች ተከታትለው ሰሜኑን ሲመቱ ባሕሩ አኮ ላይ እንደወጣ ተመዝግቧል። የጥንት ጸሐፊዎች ማጋነን ይወዳሉ፣ እሱን እናውቃለን። ግን በተለያየ ዘመን፣ በተለያየ ቋንቋ የጻፉ ሰዎች ያንኑ ነገር ሲደጋግሙት ዝም ብሎ ማለፍ አይቻልም።

አንድ ነገር ግን ግራ ያጋባል። በ2004 ኢንዶኔዥያን የመታው ሱናሚ የተነሣው የባሕሩ ወለል ራሱ ከፍ ብሎ ውሃውን ስለገፋው ነው። የእኛ ስንጥቅ ግን በየብስ ላይ ነው ያለው፤ ከቀይ ባሕር ተነሥቶ በሙት ባሕር፣ በዮርዳኖስ ሸለቆና በኪነሬት አድርጎ ወደ ሊባኖስ ይወጣል። ሁለቱ ጎኖቹም ወደ ላይ አይነሡም፣ ጎን ለጎን እየተፋተጉ ይሄዳሉ። ታዲያ በየብስ የተንቀጠቀጠ መሬት ሜዲትራኒያንን እንዴት ያስነሣዋል?

ተመራማሪዎች በዋናነት የሚጠረጥሩት በባሕር ውስጥ የሚደርስ ናዳን ነው። ከባሕር ዳርቻችን ወደ ምዕራብ ወለሉ መጀመሪያ ለጥ ብሎ ይሄድና ከዚያ በኋላ ወደ ጥልቁ ይወርዳል። በዚያ ቁልቁለት ላይ ለሺህ ዓመታት የተከማቸ ለስላሳ ደለል አለ። መሬት ሲናወጥ ደለሉ ተንዶ ቁልቁል ይሄዳል፣ ከላዩ ያለው ውሃም ይናጋል፤ ማዕበል ይሆናል። የባሕሩን ወለል ካርታ ያነሡ ሰዎች የድሮ ናዳዎች ጠባሳ እዚያ ቁልቁለት ላይ አግኝተዋል።

ያ ደለል ከየት መጣ? ከዓባይ ነው። አባይ ማደሪያ የለው ግንድ ይዞ ይዞራል ሲባል ሰምተናል፤ አፈሩንም ይዞ ይዞራል። ወደ ግብፅ ከሚወርደው ደለል አብዛኛው ከኢትዮጵያ ደጋ ታጥቦ የሄደ ነው፣ በጥቁር ዓባይና በተከዜ። አስዋን ላይ ትልቁ ግድብ በ1970 ከመጠናቀቁ በፊት ይህ አፈር ሜዲትራኒያን ይገባ ነበር፤ ከዚያ የባሕሩ ሞገድ እየገፋ ወደ ሰሜን ያመጣዋል። ወላጆቻችን ያረሱት የጎንደር አፈር ከእነሱ ቀድሞ እዚህ ደርሷል ማለት ነው። ይህን ያወቅን ቀን ለቤተሰቦቻችን ስንነግራቸው ያመነን አልነበረም።

ናዳ ባሕር ውስጥ ምን እንደሚያደርግ በግልጽ የታየው ሩቅ አገር ነው። በኖቬምበር 18 ቀን 1929 ዛሬ የካናዳ ክፍል በሆነችው ኒውፋውንድላንድ ፊት ለፊት ባሕሩ ውስጥ መሬት ተንቀጠቀጠ። በአትላንቲክ ወለል የተዘረጉ 12 የቴሌግራፍ ኬብሎች ተበጠሱ፤ የሚገርመው ግን ከፊሎቹ በየተራ፣ ለሰዓታት፣ ከቅርቡ ወደ ሩቁ መበጠሳቸው ነው። እያንዳንዱ የተበጠሰበት ሰዓት ተመዝግቦ ስለነበር፣ በ1952 ሳይንቲስቶች ኬብሎቹን የቆረጠው በወለሉ ላይ የሚጋልብ ጭቃ መሆኑን አስልተው አወጡ። ማዕበሉ በባሕር ዳር መንደሮች ከ25 በላይ ሰዎችን ገደለ።

አሁን ወደ አፉላ እንመለስ። ከዮርዳኖስ ሸለቆ የሚገነጠል አንድ የስንጥቅ ቅርንጫፍ አለ፤ በጊልቦዓ አድርጎ፣ በኢይዝራኤል ሸለቆ ዳር ዳር፣ በቀርሜሎስ ሥር እስከ ሐይፋ ይሄዳል፣ ባሕሩም ውስጥ ይቀጥላል። ከጣቢያችን በአንድ በኩል የቤት ሼአን አውቶቡስ ይነሣል። እዚያ በ749 የወደቁት ዓምዶች ዛሬም እንደተጋደሙ ናቸው። በሌላ በኩል የሐይፋው ይነሣል። ኪነሬትም ሐይቅ ነው ብለን የምንንቀው አይደለም፤ በጃንዋሪ 1 ቀን 1837 ጽፋትና ጥብርያ ሲወድሙ ከሐይቁ የተነሣ ማዕበል ጥብርያ ላይ ሰው መውሰዱ ተጽፏል።

ስለዚህ የጓደኛችን ቀልድ ግማሽ እውነት ነበር። ውሃው አፉላ አይደርስም፤ እዚህ የሚያሰጋን የሕንፃው መውደቅ ነው፣ በተለይ ከ1980 በፊት በተሠሩት። ነገር ግን እዚህ የሚያናውጠን መንቀጥቀጥ የሐይፋን ቁልቁለትም ሊያናውጥ ይችላል። ናዳው ለዳርቻው ቅርብ ስለሆነ ማዕበሉ በደቂቃዎች ውስጥ ሊደርስ ይችላል፤ በስልክ የሚላክ ማስጠንቀቂያ ሳይቀድመው ማለት ነው። ባሕር ዳር ላለ ሰው መንቀጥቀጡ ራሱ ማስጠንቀቂያው ነው። ባሕሩ ከሸሸ ደግሞ የ1068ቱን ሰዎች አስቡ።

በየሐይፋና በየአኮው ባሕር ዳር ማምለጫውን የሚያሳይ ምልክት ብናይም፣ በበጋ ሽርሽር የሚሄዱ እናቶቻችን በአማርኛ የሚነግራቸው ሰው ይፈልጋሉ። ባለፈው ክረምት ከማኅበራችን ልጆች ጋር ተስማማን፦ መሬት ከተነቃነቀ አፉላ ያለው ባሕር ዳር ላለው ወዲያው ይደውላል፣ ካልያዘ መልእክት ይልካል። የምንለውንም አሳጠርነው፦ «እማ፣ ዕቃውን ተዪው፣ ከባሕሩ ራቂ፣ ወደ ከፍታው ውጪ።» ከእናቶቻችን አንዷ ሰምታ «እሺ፣ እናንተስ ያን ጊዜ የት ሆናችሁ ነው የምትደውሉት?» አለችን። «ጣቢያው ውስጥ» አልናት። «እንግዲያ መጀመሪያ ከጣራው ሥር ውጡ፣ ከዚያ ደውሉ» አለች።